ከጋይንት ድጓ እስከ ዩኒኮድ፦ ፊደሉ ስልክ ውስጥ ገባ፣ ዜማው ደጅ ቀረ

ሰሞኑን የቴክኖሎጂ ዜና ሲባል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻ ሆኗል። አዲስ ሞዴል ወጣ፣ አማርኛ ቻለ፣ ግዕዝ ተረጎመ ይባላል። ዜናው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይዘለላል፦ ማሽኑ የሚማርበት ጽሑፍ መጀመሪያ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ገባ? ያልገባውስ የት ቀረ?

መልሱን ለማግኘት ሲሊከን ቫሊ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ይበቃል።

ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከጎጃምና ከወሎ የተነሣ የዜማ ተማሪ የትም ይማር የት፣ የድጓ መምህር ለመባል የቤተልሔም ምስክርነት ትልቅ ክብር ነው። እዚያው ጋይንት ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። ከቆማና ከአጫብር ጋር ስሟ የሚጠራው የቤተልሔም ዜማ በብዙ አድባራት የሚሰማው ነው።

ድጓ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው፤ ምልክቱ ግን በኋላ የመጣ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያስተላልፉት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠሩ። ከጽሑፉ በላይ፣ በሁለት መስመር መካከል፣ ጥቃቅን ምልክቶች ይቀመጣሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ከእነዚህ ስምንት ሌላ በፊደል የሚጻፉ ድርስና አንብር አሉ። በዚህ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ከታወቀ ዜማ ላይ ተቆርጠው የተወሰዱ አጫጭር ፊደላት አሉ። አንዷ ፊደል ለተማረው ሰው ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሰዋለች። ይህ በዛሬ ቋንቋ መረጃን አሳጥሮ የማስቀመጥ ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። የአማርኛ ፊደል ዋናዎቹ ብቻ 33 በ7፣ ማለትም 231 ናቸው። የጽሕፈት መኪና ግን ከ50 የማይበልጡ ቁልፎች አሉት። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ መኪና ለመሥራት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩም ሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ከዚህ ግድግዳ ጋር ነው የተጋፈጡት። መፍትሔው የፊደሉን እግርና ክንድ ለየብቻ እየመቱ መቀጠል ሆነ። ውጤቱን የዱሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፦ ፊደሉ ይነበባል፣ መልኩ ግን ተበላሽቷል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራውን ከጀመሩት መካከል ግለሰቦች ይገኙበታል። አሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ደክመውበታል። ፍስሐ አጥላው በካሊፎርኒያ፣ በእንስሳት ሕክምና የሠለጠኑት ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በኢሜይል ግዕዝን በላቲን ፊደል ለመላላክ የሚያስችለውን ሴራ የተባለ ሥርዓት ይዘው መጡ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ደግሞ የአዲስ አበባን ቢሮዎች ሞሉ። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር መጠቀሙ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ያንን የፈታው ዩኒኮድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ዕትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን አስገባ። ዛሬ አንባቢ ይህንን ጽሑፍ በማንኛውም ስልክ ማንበብ የቻለው በዚያ ውሳኔ ነው። ያን ዓመት ግን ለብዙ ሰው ዜና አልነበረም። እውነተኛው የቴክኖሎጂ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ጮክ ብሎ የሚወራው ያልፋል፣ በሰንጠረዥ ውስጥ በዝምታ የገባው ይቀራል።

የጋይንት ተራ በ2005 እ.ኤ.አ. ደረሰ። ዩኒኮድ 4.1 ውስጥ 10 የዜማ ምልክቶች ተመዘገቡ። ቁጥሩ ከመምህራኑ 10 ጋር ይገጥማል፤ ዝርዝሩ ግን አይገጥምም። ድርስና አንብር በስማቸው የሉም፤ በፋንታቸው አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ለብቻቸው ተቆጥረዋል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ድርስና አንብር ፊደል ስለሆኑ በፊደል ሊጻፉ ይችላሉ።

ከባዱ ሌላ ነው። ምልክቶቹ የተመዘገቡት እንደ ኮከብ ወይም እንደ ቀስት ራሳቸውን ችለው በመስመር ላይ የሚቆሙ ሆነው ነው። ብራና ላይ ግን ቦታቸው ከፊደሉ ራስ በላይ ነው። በዚያው ዕትም የገባው የማጥበቂያ ነጥብ ከፊደሉ ጋር ተያይዞ ራሱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ሳለ፣ ለይዘትና ለድፋት ይህ ዕድል አልተሰጠም። እናም ድጓን በኮምፒውተር ልጻፍ ያለ ሰው ልዩ ፎንት ወይም የገጽ ማስተካከያ ብልሃት ይፈልጋል። የአንዱ ብልሃት በሌላው ስልክ ይፈርሳል። የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ዘመን ለዜማው ገና አላለፈም ማለት ነው።

«የድጓ ፒዲኤፍ በየቴሌግራሙ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። ግን ፎቶ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችም ፎቶ ናቸው። ፎቶ ከእሳትና ከዝርፊያ ያድናል። ምልክቱን ግን አይፈልግም፣ የቤተልሔምን ከአጫብር አያነጻጽርም። ጽሑፍ ተነቦ የሚማር ማሽንም ከእርሱ ዜማ አይማርም።

«ዜማ ከመምህር አፍ እንጂ ከማሽን አይገኝም» የሚለው ክርክር ግን ሚዛን ይደፋል። እውነት ነው፤ ምልክቱ ለተማረ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልተማረ አያዜምም። ሆኖም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤልም መምህሩን ለመተካት አልሠሩትም። በግራኝ ጦርነት ማግስት፣ መጻሕፍት ከነቃጠሉበት ዘመን ወዲያው የመጣ ሥራ ነው። የዛሬው ጋይንትም ሰላም የበዛበት አገር አይደለም። በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የተጀመረው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ለወራት ዘልቋል። ተማሪ በተበተነበት፣ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ያለ ኔትወርክ ስልክ ላይ የሚነበብ፣ ሲባዛ የማይዛባ ድጓ ቅንጦት አይደለም።

ለዩኒኮድ ማመልከት የሚከለከል የለም። የሚፈለገው ማስረጃ ነው፦ የብራና ናሙና፣ የምልክቱ ስም፣ አቀማመጡና አገባቡ። ማስረጃው ሁሉ ቤተልሔም ተቀምጧል። የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ ሩቅ አይደሉም። የኮምፒውተር ባለሙያና የድጓ መምህር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚያልቅ ሥራ ነው። ካልተቀመጡ ግን ስለ ምልክቱ የሚወስነው እንደ 2005ቱ ሁሉ በሌላ አገር የተሰበሰበ ኮሚቴ ይሆናል።