«ብርቅዬ» ያላት ማናት?

አሥር ሳንቲምን ታስታውሷታላችሁ? ያቺን ከፊቷ አንበሳ፣ ከጀርባዋ ቀንዱ የተጠማዘዘ አጋዘን ያለባትን ቢጫ ሳንቲም? ደርግ በ1969 ዓ.ም. ያስቀረጻት ናት። ዛሬ አንዲት ከረሜላ እንኳን አትገዛም። አጋዘኑ ግን የዋዛ አጋዘን አይደለም። ከባሌ፣ ከአርሲና ከአካባቢያቸው ደጋዎች በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ስሙን ጠይቁ፤ አብዛኛው የከተማ ልጅ «ኒያላ» ይላችኋል። ሲጋራው ኒያላ፣ ኢንሹራንሱ ኒያላ። ከዚህ በላይ ኢትዮጵያዊ የሆነ ስም ከየት ይመጣል?

ጉዱ ወዲህ ነው። «ኒያላ» የእኛ ቃል አይደለም። ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከነዙሉ አካባቢ የመጣ ነው። እዚያ የሚኖር ሌላ አጋዘን አለ፤ ፈረንጆች ከአገሬው ሰምተው «ኒያላ» ብለው መዘገቡት። (ከዚህ በኋላ ያለው የዘመን ቁጥር ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1908 አይቨር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ለአደን መጥቶ ከእኛው ደጋ አንዱን ገደለ። በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር የተባለ የለንደን ሊቅ ቀንዱንና ቆዳውን መርምሮ የላቲን ስም ሲያወጣለት፣ ስሙን በገዳዩ ጠራው፦ «ትራጌላፈስ በክስተኒ»። ደቡብ ያለውን ስለመሰላቸውም በእንግሊዝኛ «የተራራ ኒያላ» አሉት። ኋላ የዘር ጥናት ሲመጣ ከኒያላው ይልቅ ለድኩላ የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን አንዴ ወጥቷል፤ እኛም ከእንግሊዝኛው መልሰን ተቀበልነው።

እስከዚያ ድረስ ስም አልነበረውም ማለት ነው? ኦሮምኛው ገደምሳ ይለዋል፣ አማርኛው ደጋ አጋዘን። ሳይንስ «አዲስ» ያለው እንስሳ ለባሌና ለአርሲ እረኛ የጎረቤት ከብት ያህል የታወቀ ነበር። የሚገርመው የተገኘበት ዘመን ነው። ምድር ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ እየተዘረጋ፣ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ስልክ ገብቶ፣ ፈረሰኛ የሚያህል እንስሳ የአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ አልነበረም።

ሁሉም ስም አውጪ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ እዚህ ላይ የኤድዋርድ ሩፔልን ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ ዘመነ መሳፍንት ገና ሳያበቃ፣ ደጃዝማች ውቤ ስሜንን በሚገዙበት ጊዜ በምጽዋ በኩል ገብቶ ስሜንን ወጥቶ ጎንደር ድረስ ዘለቀ። ሲመለስ ቆዳና አጥንት ብቻ አልያዘም፤ የብራና መጻሕፍትም ይዞ ሄዷል (ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል)። በ1835 የስሜኑን የዱር ፍየል ሲመዘግብ የሰጠው ስም «ካፕራ ዋሊ» ነው። ዋልያ! ያገሬው ሰው ያለውን ሰምቶ እንዳለ ላቲን አደረገው። ጭላዳንም እንዲሁ፤ ፈረንጆቹ ዛሬም «ጌላዳ» የሚሉት ከዚያ የተነሳ ነው። ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 በስሜን ስም ጠራው። ከሦስቱ አንዱንም «ሩፔል» አላለም። እኔ ይሄንን ሰው በዚህች ነገር እወደዋለሁ። እርግጥ ሌሎች ሊቃውንት በኋላ ጆፌውን በእሱ ስም ስለሰየሙለት የጎደለበት የለም።

ከዚህ በተቃራኒ የልዑል ሩስፖሊ ታሪክ አለ። ጣሊያናዊው ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲያስስ ዝሆን ገደለው። ከሻንጣው የአንዲት ውብ ቱራኮ ቆዳ ተገኘ። የት እንደያዛት የጻፈው ነገር የለም። ባለቤቱ ሞቷል፤ ማን ይጠየቅ? በ1896 ወፏ «የሩስፖሊ ቱራኮ» ተባለች፤ ፈረንጅ በሕይወት እስኪያያት ደግሞ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቆየ። የነጭ ሳሯ ወፍ ነገርማ ይብሳል። በ1990 ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መኪና የጨፈለቃት የሌሊት ወፍ (ላባ ያላት ማለቴ ነው፣ ጥቁሯ የሌሊት ወፍ አይደለችም) መንገድ ላይ አገኙ። የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ናት ተባለ፤ ስሟም በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ሆነ። ክንፏ ዛሬ እንግሊዝ ሙዚየም ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ትምህርት ቤት «ብርቅዬ እንስሳት» እያልን ነው የሸመደድነው፦ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ኒያላ። ፈረንጆቹ «ኤንደሚክ» የሚሉት ግን ሌላ ነገር ነው። ብርቅ ማለት በስንት አንዴ የሚታይ፣ የሚያጓጓ ነገር ነው። ኤንደሚክ ማለት ደግሞ ብዛቱ ምንም ያህል ይሁን፣ ከአንድ ቦታ በቀር የትም የሌለ ማለት ነው። ጭላዳ ስሜን ላይ በመቶ እየሆነ ሣር ሲነጭ ታዩታላችሁ፤ ብርቅ የሚያሰኘው ነገር የለም፣ ሌላ አገር ግን አታገኙትም። አንበሳ ደግሞ ብርቅ ሆኗል፣ የእኛ ብቻ ግን አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቃል ስንጠራቸው «እየጠፋ ነው» እና «የእኛ ብቻ ነው» ተደበላለቁ።

«የእኛ ብቻ» ራሱ ቢሆን ማንን ነው? በ1993 ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ስትለይ የኢትዮጵያ ብቻ የሚባሉ ወፎች ዝርዝር አጠረ። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከጣሪያችን በላይ እየጮኸ የሚያልፈው፣ ረጅም ጠማማ ምንቃር ያለው ወፍ ኤርትራም አለ። ወፍራም ምንቃሩ ቁራም እንዲሁ። ወፎቹ የት እንደተወለዱ፣ የት እንደሚበሩ አንዳችም የተለወጠ ነገር የለም። ማንም ድምፅ ስጡ አላላቸውም። ዝርዝሩ ግን የሚሠራው በአገር ነው፤ አገር ሲከፈል መጽሐፉ መታረም አለበት። ጓደኛሞች ሻይ ላይ ሆነን ይሄን ስናነሳ እንስቃለን፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ይጠፋል።

የዝርዝሩ ዋጋ የተከፈለው ስሜን ላይ ነው። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ጠመንጃ በየቤቱ ገብቶ ዋልያ ክፉኛ ታድኗል። በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውን የተባለ ተመራማሪ ሲገምት የቀሩት 150 ያህል ናቸው አለ። በ1969 ስሜን በአዋጅ ፓርክ ሆነ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር ገባ፤ ከኢትዮጵያ ሁለት ማለት ነው፣ ኩራት ነው። ኩራቱ ግን ሰው በሚኖርበት ተራራ ላይ ነበር። ገበሬው ገብሱን ከፓርኩ አዋጅ በፊት ጀምሮ ይዘራ ነበር። ቅርስ በሆነበት በዚያው ሰሞን የደርግ መንግሥት ከገደሉ ሥር ያሉ መንደሮችን በግድ አስነሳ። ጦርነቱ ሲበረታ የፓርኩ ሠራተኞችም ወጡ፣ ቤቱም ተዘረፈ። በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ብሎ መዘገበው፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የሰው መስፈር ነበር።

ከዚያ ዝርዝር ለመውጣት ሃያ ዓመት ፈጀ። በ2016 ግጭ የሚባለው መንደር፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ከአምባው ወርዶ ደባርቅ ከተማ ዳር ገባ። ካሳ ተከፍሏል፣ ቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷል። ዕድሜውን ሙሉ ገብስና በግ የሚያውቅ ሰው ግን ከተማ ዳር በካሳ ብር ምን ነግዶ እንደሚኖር የጠየቀ ብዙ አልነበረም። «ዋልያ ከእኛ ጋር ስንት ዘመን ኖሯል፣ አሁን ምን መጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እኔ አጥጋቢ መልስ የለኝም። በሌላ በኩል፣ ግጭ ላይ ሣሩ ተግጦ አልቆ ነበር፤ ይሄም እውነት ነው። ሁለቱን አስታርቆ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ይምጣና ይጻፍ።

በ2017 ዩኔስኮ ስሜንን ከአደጋ ዝርዝሩ ሰረዘ። ዋልያም ያን ጊዜ ተራብቶ ነበር፤ ብሔራዊ ቡድኑም፣ ቢራውም በስሙ ይጠሩ ነበር። በ2020 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በ2021 ውጊያው ስሜን ደረሰ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት መጣ፣ ጥበቃውም ላላ። በ2024 የተነገረው የዋልያ ቁጥር 300 ገደማ ነው። ግጭ ላይ ገብስ የሚያርስ ሰው ከጠፋ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር።