ወሸባ የገባው በሽታ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር፣ አገሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ቃል አስፈለገው። «ኳራንቲን» ለብዙ ሰው አፍ አልመች አለ። «ለይቶ ማቆያ» ተባለ። ከዚያ አንድ የቆየ ቃል ከአያቶች አፍ ተነሥቶ ሬዲዮና ጋዜጣ ላይ ወጣ፦ ወሸባ። ብዙ ወጣት ቃሉን የሰማው ያኔ ነው። ወሸባ ግን ለኮሮና የተፈጠረ ቃል አይደለም። የቂጥኝ ቃል ነው።

ወሸባ መጀመሪያ የመድኃኒት ስም ነው። ከዓረብኛው «ዑሽባ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ በንግድ የሚገባ፣ ተቀቅሎ የሚጠጣ የሥር ዓይነት ነበር። ቂጥኝ የያዘው ሰው ይህን እየጠጣ ለሳምንታት ቤት ይዘጋበታል። ከነፋስ ይጠበቃል፣ ምግቡ ይመረጣል፣ ከግብረ ሥጋ ይታቀባል። «እገሌ ወሸባ ገባ» ማለት ይህ ነው። ቆይቶ የመድኃኒቱ ስም የመገለሉ ስም ሆነ።

ጎንደር ይህን በሽታ ለማወቅ የተመቸች ከተማ ነበረች። ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከቆረቆራት ጀምሮ የቤተ መንግሥት፣ የጦር ሠራዊትና የገበያ ከተማ ናት። የምጽዋ መንገድ ይደርስባታል፣ የመተማና የስናር ነጋዴም ይገባባታል። ወታደርና ሲራራ ነጋዴ ባለፈበት ሁሉ ቂጥኝ ያልፋል፤ በዓለም ዙሪያ ታሪኩ ይኸው ነው። በ1495 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር ኔፕልስ ሲገባ አውሮፓ ውስጥ ተቀጣጠለ። ጣሊያኑ «የፈረንሳይ በሽታ» አለው፣ ፈረንሳዩ «የኔፕልስ በሽታ» አለው፣ ሩሲያዊው «የፖላንድ» አለው፣ ሕንዱ ደግሞ በፈረንጅ ስም ጠራው። የእኔ ነው ያለ ሕዝብ የለም።

በጎንደርና በአካባቢዋ ያሉ ደብተራዎች በመድኃኒት መጻሕፍታቸው ለቂጥኝ የሚሆን ሥርና ቅጠል ጽፈው አቆይተዋል። ጠበል አለ። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው የዋንዛዬ ፍልውሃም የቆዳና የአጥንት ሕመምተኛ ሲጎርፍበት የኖረ ነው። ነገሥታቱም ቢሆኑ ሐኪም ከመፈለግ አላፈሩም። ቀዳማዊ ኢያሱ የቆዳ ሕመም ሲያስቸግራቸው ካይሮ ድረስ ሰው ልከው ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አስመጡ፤ በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። የንጉሡ ሕመም ቂጥኝ ነበር ለማለት አይደለም። ያን ጊዜ ቁስል አይቶ ቂጥኙን ከቁንጭር፣ ቁንጭሩን ከሥጋ ደዌ በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው በጎንደርም በፓሪስም አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ተጓዦች «አበሻ ሁሉ ቂጥኝ አለበት» የሚል ነገር ሲጽፉ፣ በዓይናቸው ገምተው እንጂ መርምረው አልነበረም።

ታዲያ ወሸባ ያድን ነበር? እዚህ ላይ ነው የበሽታው ተንኮል። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አያምም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም ያለ ምንም መድኃኒት ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሽፍታም እንዲሁ በራሱ ይጠፋል። ወሸባ የገባው ሰው ሲወጣ ቁስሉ የለም። ሥሩ አዳነው፣ ጠበሉ አዳነው፣ ፍልውሃው አዳነው ይባላል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ተኝቷል። ከዓመታት በኋላ ከፊሎቹን ሰዎች በልብ፣ በአንጎል፣ በአጥንት ይመጣባቸዋል። ያኔ ከድሮው ቁስል ጋር የሚያያይዘው የለም፤ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ይህን ግምት የሰበረው ምርመራ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሻውዲንና ሆፍማን ተህዋሲውን በማይክሮስኮፕ አዩት። በዓመቱ ዋሰርማን በደም ምርመራ የሚለይበትን መንገድ አገኘ። በ1910 ሳልቫርሳን የተባለው መድኃኒት ወጣ፤ በ1943 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ማሆኒ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን አሳየ። ለዘመናት ሰው ያሠቃየ በሽታ በመርፌ የሚድን ሆነ።

ይሁን እንጂ መደበቁ አልቆመም፤ ደባቂውም ሁልጊዜ ታማሚው አይደለም። በአላባማ፣ ተስኪጊ፣ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሠራተኞች ወደ 400 የሚጠጉ ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች በሽታቸውን ሳይነግሯቸው ተከታተሏቸው። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ከለከሏቸው። ሰው የገዛ ደሙን ነገር ሳያውቅ ሲኖር ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በእኛ በኩል ጎንደር የኋላ ቀር ታሪክ ብቻ ያላት አይደለችም። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከገደለ በኋላ፣ በዓመቱ የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በዚችው ከተማ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድ ላይ ሠልጥነው ወደ ገጠር የሚወጡበት ቤት ነበር፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት እሱ ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ካልቻለው ገበሬ ዘንድ ሐኪሙ ይሂድ የሚለው ሐሳብ በዚህ አገር ሥር የያዘው እዚያ ነው።

በዚያው ሆስፒታል ከ2003 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ደም የለገሱ 6,361 ሰዎች ውጤት ታይቶ፣ 1.3 በመቶ የሚሆኑት ላይ የቂጥኝ ምልክት በደማቸው ተገኝቷል። ሰማንያ ሰው ገደማ ማለት ነው። እነዚህ ታመምን ብለው የመጡ አይደሉም። ለሌላ ሰው ደም ሊሰጡ እጃቸውን የዘረጉ፣ ጤነኛ ነን ያሉ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ምርመራው ከጣት የምትወሰድ ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይታወቃል። ጊዜው ያልገፋ ቂጥኝ በአንድ ቀን በሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ይድናል። የቆየው በሳምንት አንዴ ለሦስት ሳምንት ይወጋል። ባልና ሚስት አብረው ካልታከሙ ግን የዳነው መልሶ ይያዛል።

ዋናው ዕዳ የሚወድቀው ነፍሰ ጡሯ ላይ ነው። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንሱን ሆድ ውስጥ ይገድላል፣ ወይም ሕፃኑ ታሞ ይወለዳል። በጃናሞራ ወይም በበየዳ ቁልቁለትና ዳገት ወርዳ ወጥታ ጤና ጣቢያ የምትደርስ እናት፣ ቀደም ብላ ከተመረመረችና ከመውለዷ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ከተወጋች ልጇ ይተርፋል። ባሏ ግን «እኔ ምን ሆንኩና» ብሎ ቤት ከቀረ፣ ወይም እሷ «ቂጥኛም» መባልን ፈርታ ውጤቷን ከደበቀችው፣ የመርፌው መኖር ብቻውን አይበቃም። ይህ ቃል ዛሬም ስድብ ነው። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው የሚለው ማመካኛም የመጣው ከዚህ ፍርሃት ነው።

የድሮ ሰው ወሸባ ሲገባ የነበረውን ሁሉ አድርጓል፤ ሌላ መድኃኒት አልነበረውም። ቢያንስ መታመሙን አምኖ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካ ራሱን ለይቷል። የዛሬው ሰው ግን መድኃኒቱ በአጠገቡ እያለ በሽታውን ራሱን ወሸባ ያስገባዋል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። አሁን ተገኝቷል፤ ተረቱ ግን እንዳለ እውነት ነው።