አንዴ በኦፕሬሽን የወለደች ሁሌም በኦፕሬሽን? አባባሉ ከየት መጣ?



«ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄን በኦፕሬሽን ነው የወለድኩት። አሁን አምስተኛ ወሬ ነው። ይሄኛውን በምጥ ልውለድ ስል ሁሉም ሰው ‹አንዴ ከተከፈትሽ አበቃ› ይለኛል። እውነት ነው?» በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። ዛሬ መልሱን ከታሪኩ ልጀምር፤ ታሪኩን ያወቀች እናት ከሐኪሟ ጋር የምታደርገው ውይይት ይለያልና።

አባባሉ የጎረቤት ወሬ አይደለም፤ የሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ኤድዊን ክራጊን የተባለ የኒውዮርክ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ አንዴ በኦፕሬሽን የወለደች እናት ከዚያ በኋላም በኦፕሬሽን መውለዷ የተለመደው ደንብ ነው ብሎ ጻፈ። የሚገርመው የጽሑፉ ዓላማ ነው። ክራጊን ሊል የፈለገው ሐኪሞች ለመጀመሪያው ኦፕሬሽን አይቸኩሉ፣ መዘዙ ለቀጣዩም እርግዝና ይተርፋል ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ከደንቡ የሚወጡ እናቶች ብዙ እንደሆኑና አንዲት የራሱ ታካሚ ከኦፕሬሽን በኋላ ሦስት ጊዜ በምጥ እንደወለደች ጠቅሷል። ማስጠንቀቂያው ተረሳ፣ ደንቡ ብቻ ቀረ።

ለዘመኑ ግን ሥጋቱ ልክ ነበር። ማህፀንን መስፋት ራሱ ያን ያህል የቆየ ነገር አይደለም። በ1876 ጣሊያናዊው ፖሮ እናትየዋን ከደም መፍሰስና ከኢንፌክሽን ለማዳን ያገኘው መንገድ ልጁን ካወጣ በኋላ ማህፀኑንም ቆርጦ ማውጣት ነበር። በ1879 በዛሬዋ ኡጋንዳ፣ በቡንዮሮ፣ ፌልኪን የተባለ እንግሊዛዊ ያየው የአገሬው ሐኪም እጁንና የእናትየዋን ሆድ በሙዝ ጠጅ አጥቦ ነው የቀደደው። የሆዱን ቆዳ በብረት ወስፌ ሰካክቶ ዘጋው፣ ማህፀኑን ግን አልሰፋውም። ፌልኪን ከ11 ቀን በኋላ አካባቢውን ሲለቅ እናትም ልጅም ደህና ነበሩ። (ይህን ሳነብ ሁሌ ይደንቀኛል፤ በዚያው ዘመን በአውሮፓ ከዚህ ኦፕሬሽን የሚተርፉ እናቶች ጥቂት ነበሩ።) ማህፀኑን በጥንቃቄ መስፋት የተስፋፋው ጀርመናዊው ማክስ ዜንገር በ1882 ዘዴውን ካሳተመ በኋላ ነው።

በክራጊን ጊዜ ማህፀን የሚከፈተው ከላይ ወደ ታች፣ ወፍራም ጡንቻው ላይ ነበር። በምጥ ጊዜ በኃይል የሚኮማተረው ደግሞ ይሄው ክፍል ስለሆነ ጠባሳው የመተርተር ዕድሉ ከ100 እናቶች ከ4 እስከ 9 ይደርሳል። በዚያ ላይ ለኦፕሬሽን ዋናው ምክንያት በልጅነት የአጥንት መለስለስ በሽታ የጠበበ ዳሌ ነበር። የጠበበ ዳሌ በሁለተኛው እርግዝናም ያው ነው።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ የግላስጎው ሐኪም ሙንሮ ከር ማህፀኑን በታችኛው፣ በስስ ክፍሉ በኩል አግድም መክፈት እንደሚሻል ወተወተ። ዛሬ አብዛኛው ኦፕሬሽን የሚሠራው እንዲህ ነው። ይህ ጠባሳ ምጥን በጣም የተሻለ ይቋቋማል። ጠባሳው ተለወጠ፤ አባባሉ ግን በተለይ በአሜሪካ ለ60 ዓመታት ያህል ሳይነካ ቆየ።

በ1980 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ደንቡን ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ቀድሞ በኦፕሬሽን ከወለዱት መካከል በምጥ የሚወልዱት ከ100 ከ3 ተነስተው በ1996 ወደ 28 ደረሱ። እዚህ ላይ ነገሩ ከልክ አለፈ። አንዳንድ የጤና መድን ድርጅቶች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ እናቶችን ወደ ምጥ መግፋት ጀመሩ፤ ምጥ ማስጀመሪያ መድኃኒትም ያለ ብዙ ጥንቃቄ ይሰጥ ነበር። በ2001 በዋሽንግተን ግዛት ከ20 ሺህ በላይ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም ሁሉም ደነገጠ፦ ምጥ በራሱ ሲመጣ የማህፀን መተርተር ከ1000 እናቶች 5 ገደማ፣ በፕሮስታግላንዲን ሲጀመር ግን ከ1000 ወደ 25። ብዙ ሆስፒታሎች በራቸውን ዘጉ፣ ቁጥሩም ከ100 ከ10 በታች ወረደ። በእኔ እይታ በሁለቱም ጊዜ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እናትየዋን የጠየቃት አልነበረም።

ሚዛኑን ያስተካከለው በ2004 የወጣ ትልቅ ጥናት ነው። በምጥ ከሞከሩ ወደ 18 ሺህ እናቶች 73 በመቶው ተሳክቶላቸዋል። ከ1000 እናቶች በ7ቱ ጠባሳው ተተርትሯል። ቀን ተቆርጦላቸው በኦፕሬሽን ከወለዱት እናቶች ልጆች በኦክስጅን እጥረት አንጎሉ የተጎዳ አልነበረም፤ ከምጡ ወገን ግን 12 ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለደረሰባቸው ቤተሰቦች ግን ትንሽ አይደለም።

«እንግዲያው ኦፕሬሽኑ ይሻለኛ!» እንዳትሉ፣ በዚያኛውም ወገን ዕዳ አለ፤ የሚከፈለው ግን ቆይቶ ነው። ኦፕሬሽን በተደጋገመ ቁጥር እንግዴ ልጁ ከጠባሳው ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ከተቀመጠ፣ የመጣበቅ ዕድሉ በሁለተኛው ኦፕሬሽን 11 በመቶ፣ በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው 61 በመቶ ነው። ይህ ብዙ ደም የሚያስፈስስ፣ አንዳንዴም ማህፀን የሚያስወጣ ችግር ነው። ስለዚህ «ስንት ልጅ ነው የምትፈልጉት?» ብዬ ስጠይቅ ወሬ ለማሳመር አይደለም።

እኛ አገር በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኦፕሬሽን የተወለዱት በአገር ደረጃ 2 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን ከ20 በመቶ በላይ። ዛሬ ጠባሳ ይዛ ለሁለተኛው የምታረግዘው ብዙ ናት ማለት ነው። የቀድሞው ኦፕሬሽን አንድ ብቻና በታችኛው በኩል አግድም ከሆነ፣ ምክንያቱም የማይደጋገም (ለምሳሌ ልጁ በቂጡ ስለመጣ) ከሆነ፣ ምጥን መሞከር ለብዙዎች ተገቢ ምርጫ ነው። ቀድሞ በምጥ የወለደች ደግሞ ዕድሏ ይበልጥ ሰፊ ነው። ቦታው ግን ሌሊትም ቢሆን ኦፕሬሽን የሚሠራበትና ደም የሚገኝበት ሆስፒታል መሆን አለበት። ቤት ሆኖ ማማጥ ፈጽሞ አይሞከርም። ጠባሳው ላይ የማያቋርጥ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ደግሞ ምጡ እስኪፋፋም አይጠበቅም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከሆድ ቆዳችሁ ላይ ያለው ጠባሳ ማህፀኑ እንዴት እንደተከፈተ አይናገርም። ቆዳው አግድም ሆኖ ማህፀኑ ከላይ ወደ ታች የተከፈተ ሊሆን ይችላል። የሚናገረው የኦፕሬሽኑ ማስታወሻ ነው። ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁን ወረቀት ፈልጉት፤ በዓረብ አገር የወለዳችሁ ደግሞ ወረቀቱ በዓረብኛ ቢሆንም አትጣሉት፣ ይተረጎማል። ከጠፋባችሁ ወደ ወለዳችሁበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ምጡ ሳይመጣ፣ ገና በክትትል ላይ እያላችሁ።