በወሊድ የተዘጋ መዝገብ፦ የእርግዝና ስኳር ታሪክና የእናቶች ልብ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል። በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የስኳር በሽታ በወሊድ ያበቃል የሚለው እምነት ከየት መጣ? እናቶችንስ ምን አሳጣቸው?

ታሪኩን ከበርሊን እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1824 ሃይንሪሽ ቤኔቪትስ የተባለ ሐኪም በላቲን የጻፈውን የዶክትሬት ጥናት ለበርሊን ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። ጥናቱ ስለ አንዲት የ22 ዓመት ሴት የሚናገር ሲሆን፣ እርግዝናዋ አምስተኛዋ ነበር። ሴትዮዋ በማይረካ ጥም ትሠቃይ ነበር፤ በሽንቷም ውስጥ ስኳር ተገኘ። ልጇ 12 ፓውንድ ያህል የሚመዝን ነበርና በምጥ ላይ ሞተ። እርሷን ግን ከወሊድ በኋላ ጥሙ ለቀቃት፤ ስኳሩም ከሽንቷ ጠፋ። ቤኔቪትስ ከዚህ ተነሥቶ በሽታውን የእርግዝና ምልክት አድርጎ ቈጠረው። ያየውን በታማኝነት መዝግቧል፤ ነገር ግን ምልከታው ከአራስ ቤት አላለፈም።

አሁን ወደ ቦስተን እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1964 ሐኪሙ ጆን ኦሳሊቫንና የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ክሌር መሃን፣ 100 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ደማቸው ለሦስት ሰዓት የተመረመረ የ752 ነፍሰ ጡሮችን ውጤት መሠረት አድርገው የምርመራውን ወሰን አወጡ። ልብ በሉ፤ ወሰኑን የፈተኑት በሕፃኑ ደኅንነት አልነበረም። ጥያቄያቸው ከእነዚህ ሴቶች መካከል በሚመጡት ዓመታት የስኳር በሽታ የሚይዛት የትኛዋ ናት የሚል ነበር። ስለዚህ ይህ ምርመራ ሲወለድ የእናቲቱን የነገ ጤና የሚጠይቅ መሣሪያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትኩረቱ ወደ ማሕፀን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2008 በ9 አገሮች ከ25 ሺህ በሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተካሄደ ጥናት ውጤት ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 የተቀበላቸው ወሰኖች የተመሠረቱት በዚህ ጥናት በታዩ የጨቅላ ሕፃናት ሁኔታዎች ላይ ነው። ይህን አልነቅፍም፤ ለሕፃናቱ ጠቅሟል። ነገር ግን ልጁ በደኅና ሲወለድ የእናቲቱ መዝገብ አብሮ መዘጋቱ የተለመደ ሆነ።

የሰውነት አሠራር ግን ሌላ ይነግረናል። የእንግዴ ልጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ኃይል ያዳክማሉ። አቅም ያለው ቆሽት ምርቱን ጨምሮ ይቋቋማል፤ አቅም ያነሰው ይሸነፋል። ከወሊድ በኋላ ጫናው ይነሣል፤ የአቅም ማነሱ ግን ባለበት ይቀራል። እርግዝና ድክመቱን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

ልብ ወደዚህ ታሪክ የገባው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የእርግዝና ስኳርን ለልብ ሕመም ከሚያጋልጡ ሁኔታዎች ጋር መደበው። በ2019 ደግሞ 9 ጥናቶችንና ከ5 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ይህ ታሪክ ያላቸው እናቶች ለልብና ለደም ሥር በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ኋላ የስኳር በሽታ ባልያዛቸው ሴቶችም ዘንድ አደጋው በ56 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጥፍ ማለት ለወጣት ሴት ከትንሽ አደጋ እጥፍ ማለት ነው። ጥናቶቹም ተያያዥነትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጡም፤ የሰውነት ክብደት፣ የደም ግፊትና የደም ቅባት ለሁለቱም ሕመሞች የጋራ ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ዋጋ አያጣም፤ እነዚህን ሁሉ መለካትና መቈጣጠር ይቻላልና።

በአገራችን እናት ልጇን ለክትባት ይዛ የምትመጣው በስድስተኛው ሳምንት ግድም ነው። ከወሊድ በኋላ ሊደረግ የሚመከረው የስኳር ምርመራም ከ4ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ልጁ ሲመዘንና ሲከተብ እናቲቱም በዚያው ቀን ብትመረመር ሁለተኛ ጉዞ ይቀርላታል።

የሕክምና ተማሪዎቼ ሆይ፤ ነገ የ50 ዓመት እናት ደረቷን አሟት ፊታችሁ ስትቀመጥ፣ ስለ ደም ግፊቷ ብቻ አትጠይቋት። በእርግዝናሽ ጊዜ ስኳር ነበረብሽ ወይ ብላችሁም ጠይቋት። በእናንተ ዕድሜ ካሉ ልጆቿ ጋር የተዘጋውን መዝገብ የሚከፍተው ይህ ጥያቄ ነው።