የደጃች አያሌው ልብ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የሰላይ ፊልም ልተርክላችሁ ነው። ፊልሙ ገና አልተሠራም። ታሪኩ ግን ከተፈጸመ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

የተሠሩትንማ ታውቋቸዋላችሁ። ከተማዋ በጠላት እጅ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ይዘንባል። የካፖርቱን አንገትጌ የገለበጠ ሰው ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሲጋራ ይለኩሳል። ወታደሩ መጥቶ «ወረቀትህን!» ሲለው እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን። እንዲህ ካሉት ፊልሞች መካከል ስመ ጥር የሆነውን «ሮም፣ ክፍት ከተማ»ን የሠራው ማን መሰላችሁ? ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ነው፤ ጀርመን ሮምን ለቆ በወጣ በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1945። ዓለም ለሮም አለቀሰ፤ ማልቀሱም አግባብ ነው። ግን ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ እዚህ ስሜን ላይ ወራሪው ራሱ ጣሊያን ነበር። ያኔ ካሜራ የያዘ አልነበረም፤ ቢኖርም የያዘው ወራሪው ነው።

የእኛ ፊልም ባቡር የለውም። በቅሎ አለው፣ በርኖስ አለው፣ ገደል አለው። እዚሁ ስሜን ተራሮች ውስጥ ጊች ላይ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ግድም ነው፤ መሬቱ ከፊታችሁ ይቆረጥና ገደል ይሆናል። ከገደሉ ሥር ቆላው፣ ከቆላው ማዶ ተከዜ፣ ከተከዜ ማዶ ሽሬ። በስተ ምዕራብ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ቁልቁል ሊማሊሞ። ሊማሊሞን የያዘ የጎንደርን በር ይዟል ማለት ነው። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ዋናውን ሰው ላስገባ። ደጃዝማች አያሌው ብሩ፣ የስሜን ገዥ። መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ከበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ ጋር በተደረገው ውጊያ ከንጉሥ ተፈሪ (ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ) ወገን ተሰልፈው ነበር። ያ ውጊያ ካለቀ በኋላ ራስነትና የበጌምድር ግዛት ለእኔ ይገባል ብለው ጠበቁ። ግዛቱ ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ፤ ልጃቸው ደጃዝማች ወንድወሰን ጎንደር ላይ ተቀመጡ። አያሌው ቅር አላቸው። የመኳንንት ቅሬታ ደግሞ ከዕጣን ይብሳል፤ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። የዚህኛው ጎንደር ከነበረው የጣሊያን ቆንስላ ደረሰ።

የቆንስላው ሥራ ፓስፖርት መምታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን የጣሊያን ቆንስላዎች የተቀየመ መኳንንት ፈላጊዎች ነበሩ፦ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ሹመት ቀረበት፣ ማን ስንት ጠመንጃ አለው። ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ተስፋ ይመግባሉ። በዚህም ዘዴ አንድ ትልቅ ዓሣ አጥምደዋል፤ የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ የጣሊያን ወረራ በተጀመረ በቀናት ውስጥ መቀሌን ትቶ ገባላቸው። ጣሊያኖቹ አያሌው ብሩንም «ይህም በእጃችን ነው» ከሚሉት ተርታ ጽፈውት ነበር።

በእርግጥ በእጃቸው ነበሩ?

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928። ከኢትዮጵያ ጦር አዛዦች አንዱ የነበሩት የራስ እምሩ ጦር ወደ ሽሬ ሲገፋ ከፊት የቀደመው የደጃች አያሌው ጦር ነው። ሌሊቱን ተከዜን ተሻገሩ። ደንበጉይና ላይ የገጠሟቸው ሻለቃ ክሪኒቲ አንድ ሺህ ያህል ኤርትራውያን ወታደሮችና 9 ትንንሽ ታንኮች ነበሩት። ያ ቀን የጣሊያን ሆኖ አልዋለም። ታንኮቹ በጠባብ መንገድ ተቀረቀሩ። እንደሚተረከው አንድ ባላምባራስ አንዱ ታንክ ጀርባ ላይ ወጥቶ ክዳኑን አንኳኳ፣ ከውስጥ ያሉት ሲከፍቱለት በጎራዴ ተቀበላቸው። (በፊልም ብታዩት «አጋነኑት» ትላላችሁ።) ተገዝቷል የተባለው ሰው ጦር ያን ቀን ያሳየው ይህን ነው።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር፤ አላለቀም። በየካቲት መጨረሻ ሽሬ ላይ የእምሩ ጦር ተሰበረ። ከሰማይ ቦምብና መርዝ ወረደ። መጋቢት 23 ቀን 1928 የፋሺስት ፓርቲው ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ መኪና በመኪና ሆኖ ጎንደር ገባ። ደጃች አያሌውም ለጣሊያን ገቡ። አዎ፣ ገቡ። ደንበጉይና ላይ ታንክ የማረኩ ሰው ለወራሪው እጅ ነሡ። አሁን ዳይሬክተሩ ምን ያድርግ? ሙዚቃውን ይቀይር? ፊታቸውን አጥቁሮ ያሳይ? እኔ ብሆን ካሜራውን ፊታቸው ላይ አቆየው ነበር፤ ዝም ብዬ። ምክንያቱም በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ በዚህ አገር ያደረ ብዙ ሰው ቀን ለጣሊያን ግብር ሰጥቶ ማታ ለአርበኛ እህል የሰጠ ነው። የትኛው ነው እውነተኛው ልቡ? ጣሊያኑም ይህን ጥያቄ እየጠየቀ ነው እንቅልፍ ያጣው።

እዚህ ላይ የውስጥ አርበኛ የምንላቸው ይገባሉ። ጫካ የወጡት አርበኞች ጀግንነታቸው በዘፈን ይታወቃል፤ የአርማጭሆው ውብነህ ተሰማ «አሞራው» እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። ለጫካው ዓይንና ጆሮ የሆኑት ግን ከተማ ውስጥ ቁጭ ብለው የጣሊያንን ደሞዝ የሚበሉ ናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉት ሁለት ወጣቶች አንዱ፣ አብርሃ ደቦጭ፣ በጣሊያን የፖለቲካ ቢሮ ተቀጣሪ ነበር። ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ፣ መረጃና መድኃኒት ለአርበኞች ስታቀብል ተይዛ እስከ አዚናራ ደሴት ተግዛለች፤ ተመልሳም አላረፈችም። ገበያ የምትወጣ ሴት፣ የሚያስተረጉም ወጣት፣ ከምሽግ የሚከዳ አስካሪ የተባለ የቅኝ ግዛት ወታደር፤ ሰላዮቹ እነዚህ ናቸው።

ከውጭ የመጡትንም አልዘልም፤ ይህን ክፍል ፊልም ሠሪ ቢያገኘው ያብዳል። በ1931 ሦስት ጣሊያናውያን ኮሙኒስቶች በሱዳን በኩል ሾልከው ወደ አርበኞቹ ገቡ። የራሳቸውን አገር ጦር ሊወጉ! ስማቸውን ደብቀው ጳውሎስ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ ተባሉ። ጳውሎስ የሊቮርኖው ኢሊዮ ባሮንቲኒ ነው፤ በስፔን ጦርነት ጓዳላሃራ ላይ የጣሊያን ፋሺስቶችን ከጣሊያን ፈቃደኞች ጋር ሆኖ የተዋጋ። ጴጥሮስ ብሩኖ ሮላ፣ ዮሐንስ የትሪየስቴው አንቶን ኡክማር። አርበኛ አሠለጠኑ፣ ጋዜጣ አዘጋጁ። ባሮንቲኒ ኋላ አገሩ ተመልሶ ቦሎኛ ላይ የጀርመንን ወረራ ከሚዋጉት መሪዎች አንዱ ሆነ። ሮሴሊኒ ያሳየንን ዓይነት ትግል ከሚታገሉት አንዱ ሙያውን የተለማመደው በእኛም ቆላ ነው ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሰው ሎሬንዞ ታእዛዝ በስውር ገብቶ አርበኞቹን አይቶ ወጣ። በ1932 ክረምት ደግሞ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን ቡድን ይዞ ድንበር ተሻገረ፤ ቤንቲንክ የተባለው ባልደረባውም ወደ አርማጭሆ ዘለቀ።

አሁን ወደ ሊማሊሞ።

ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወጣውን ያን ጠመዝማዛ መንገድ ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው ጣሊያን ነው። በ1933 ግን መንገዱ በእሱው ላይ ዞረ። በግንቦት የጣሊያን እንደራሴ የሆነው የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ፣ በሰሜን በጣሊያን እጅ የቀረው ጎንደር ነበር። የጎንደርንም በር ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ ደባርቅ አጠገብ ወልክፊት ላይ መሽጎ ያዘ። ከጎኑ አንድ ደፋር፣ አንጄሎ ባስቲያኒ፣ የአገር ልጆች ያሉበትን የባንዳ ጦር እየመራ ከምሽጉ እየወጣ ይመታ ነበር። ከበባውን ካጠበቁት መካከል እንግሊዛዊው ሻለቃ ሪንግሮዝ ከአርበኞች ጋር አለ። ሌላስ ማን አለ?

ደጃዝማች አያሌው ብሩ።

አዎ፣ እሳቸው። እንደገና ዞረዋል። ወይም ዞረው አያውቁም ነበር። ከጣሊያኖቹ መዝገብ ተርታ ውስጥ ያለው ስም፣ ከራሱ አገር ደጃፍ ላይ የጣሊያንን የመጨረሻ በር ከሚዘጉት ጋር ቆሟል። እኔ ይህን ሰው ቅዱስ ላደርገው አልመጣሁም። የሥልጣን ቅሬታ ነበራቸው፣ ነፋስ ይለኩ ነበር፣ ድሉ ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቁ ነበር። ግን ነፋስ ብቻ ይለኩ የነበረ ሰው ታኅሣሥ 1928 ላይ፣ ጣሊያን ያሸንፋል በሚባልበት ሰዓት፣ ተከዜን በሌሊት ለምን ተሻገረ? መልሱን እኔ አልነግራችሁም፤ ጥያቄው ነው ፊልሙ።

ክረምቱ ገባ። የስሜንን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ እጅህን እንዳታይ ያደርግሃል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጎኔላ ጥይት ነበረው፤ የጎደለው እንጀራ ነው። በምሽጉ ከነበሩት ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ ነጭ አልነበሩም። የተከበበ ምሽግ ስንት ቀን የሚያቆይ ዱቄት እንደቀረው ከጉም ውስጥ በመነጽር አይታይም፤ የሚያውቀው ከውስጥ የወጣ ሰው ነው። በመስከረም 1934፣ ደመራው በተለኮሰ ሰሞን፣ ስንቁ አለቀ። 1629 ጣሊያናውያንና 1450 የቅኝ ግዛት ወታደሮች እጃቸውን ሰጡ። በሩ ተከፈተ። ኅዳር 18 ቀን የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ።

ይህን ሁሉ ማን ይቅረጸው? ማሳያውስ አለ፤ ጎንደር ፒያሳ ያለውን ሲኒማ ቤት የሠራው ያው ጣሊያን ነው። ቀራጭም አይጠፋም። ስለ ጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት የገሪማ ታፈረ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ነው፤ «ጤዛ»ን የሠራው። አባት በብዕር፣ ልጅ በካሜራ፤ ዘሩ ከዚህ አለ። እናንተ ካሜራ የያዛችሁ ልጆች፣ ከተነሣችሁ አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ደጃች አያሌውን ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ባንዳ ወይም አርበኛ አድርጋችሁ እንዳትጀምሩ። ተመልካቹ እንደ ጣሊያኑ ይጨነቅ።