የተቆረጠን ፊት መጠገን፦ ከዐርፈጃ አፍንጫ እስከ ዛሬው ቀዶ ሕክምና

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! ፊቱ በእሳት የተጎዳ ልጅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ የሚደበቅባቸው ቤቶች አሉ። «ቀደር ነው፤ የአላህን ሥራ አንነካካ» የሚሉም አይጠፉም። ለመሆኑ የተጎዳን ፊት መጠገን የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነውን? በዛሬው ዝግጅታችን መልሱን ከታሪክ እንፈልጋለን።

ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) የተባሉት ሶሐባ በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። የብር አፍንጫ ቢያሠሩም ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ይህን ሐዲስ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ ለጉዳት ሲባል ተፈቀደ። ዑለማዎችም ለውበት ብቻ ፍጥረትን መለወጥና የደረሰን ጉዳት ማስተካከል አንድ እንዳልሆኑ ሲያስረዱ ይህን ሐዲስ ይጠቅሳሉ።

ይሁን እንጂ ወርቅ ሥጋ አይሆንም። በህንድ ሀገር የነበሩ ባለሙያዎች የግንባርን ቆዳ ልጠው፣ ሥሩን በቅንድቦች መካከል ሳይቆርጡ ወደ ታች በማዞር አፍንጫ ይሠሩ ነበር። ይህ ወሬ በ1794 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚታተም መጽሔት ላይ ወጣ። በጣሊያን ቦሎኛ ደግሞ ታሊያኮትሲ የተባለ ሐኪም የክንድን ቆዳ ከአፍንጫ ጋር ሰፍቶ፣ ቆዳው እስኪይዝ ድረስ ክንዱን ከራስ ጋር ለሳምንታት ያስር ነበር። ስለዚህ ሥራው በ1597 መጽሐፍ አሳተመ።

ሥሩ ለምን አይቆረጥም? ችግኝ ከነአፈሩ ሲዛወር እንደሚጸድቅ ሁሉ፣ ሐኪሞች ፍላፕ የሚሉት ይህ ቆዳም የሚኖረው በሥሩ በኩል በሚደርሰው ደም ነው። ከሥሩ የራቀው ጫፍ ደም ካጣ ይጠቁርና ይሞታል። ስለዚህ ሐኪሞች ትዕግሥትን ተማሩ። ቆዳውን በከፊል ብቻ ቆርጠው አንድ ሁለት ሳምንት ይጠብቃሉ። በዚያ ጊዜ የቀሩት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ቆዳው ሲዛወር ይተርፋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917፣ እንግሊዝ ውስጥ ጊሊስ የተባለው ሐኪም ፍላፑን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ በመስፋት ከቁስለት ጠበቀው። ፊታቸው የፈረሰ በርካታ ወታደሮችም ተረዱ። በ1973 ደግሞ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ቆዳው ጨርሶ ተቆርጦ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮቹ በማይክሮስኮፕ እየታዩ በሌላ ቦታ ተሰፉ።

ደም መግባቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ መውጣትም አለበት። መውጫው ከተዘጋ ቆዳው ያብጣል፣ ይጠቁራል። እዚህ ላይ ለጊዜው የተረሳው አልቅት ተመለሰ። ኢብኑ ሲና በቃኑን መጽሐፋቸው፣ የአንደሉሱ አዝ-ዘህራዊም በአት-ተስሪፍ ስለ አልቅት ጽፈው ነበር። በ1960 የሉብሊያና ከተማ ሐኪሞች አልቅትን የታመቀ ደም ላለበት ፍላፕ እንደተጠቀሙ አሳወቁ። በ2004 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አልቅትን ለሕክምና ፈቀደ። አልቅት የታመቀውን ደም ይመጣል፤ ምራቁም ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ይህ ግን በሆስፒታል፣ ለሕክምና በተረባ አልቅትና ከቁስል ማመርቀዝ በሚከላከል መድኃኒት ይደረጋል እንጂ ከወንዝ በተያዘ አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ? ሲጋራና ሺሻ የደም ሥርን ያጠብባሉ፤ ደሙ የሚሸከመውንም ኦክሲጅን ይቀንሳሉ። የሚያጨስ ሰው የተሰፋለት ቆዳ የመሞት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት ቀደም ብሎ ማጨስ እንዲቆም ይመክራሉ። አካላችን አማና ነውና እስከመጨረሻው ማቆም ይበልጣል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን ከጓዳ አውጡት። ቃጠሎው ቆዳውን አኮማትሮ አንገቱን ወይም እጁን ከያዘው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በቀደር ማመን ሰበብ ከማድረስ አያግድም። ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በቀደር ያምኑ ነበር፤ አፍንጫቸውንም አሠርተዋል። ሽፋው ከአላህ ነው። ወቢላሂ ተውፊቅ።