ከሜዳ ወደ ጓሮ፦ የሽንት ቤት ታሪክና የእኛ ምርጫ



ባለፈው ስብሰባችን የተነሣው ጥያቄ ገና አልተቋጨም። ለሽንት ቤት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለጥቂት አባላት ሙሉ የብሎኬት ቤት እንሥራበት ወይስ ለሁላችንም ትንሽ ትንሽ እናዳርሰው? እጄን ከማውጣቴ በፊት ከእኛ በፊት የሆነውን ማየት ፈለግሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

እኔ ድብ ባሕር ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሽንት ቤት አልነበረም። ወንዱ ባሻው ሰዓት ከዛፍ ሥር ይቆማል። እናቴ ግን ዶሮ ሳይጮኽ ትወጣለች፤ ካመለጣት እስኪመሽ ትይዘዋለች። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ውኃ የማትጠጣው ለምን እንደሆነ የገባኝ እኔም ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ነው።

ይህ የሆነው ትምህርቱ ስለጠፋ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤላውያን ከሰፈር ወጥተው፣ ቆፍረው፣ መልሰው እንዲሸፍኑ ታዘዋል። ጎንደርም ለትምህርቱ እንግዳ አይደለችም። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጎንደር ላይ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። የሳኒታሪያኑ ሥራ ሰው ከመታመሙ በፊት ያለው ነው፤ ውኃ፣ ቆሻሻና ሽንት ቤት። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። ይሁንና ጤና ጣቢያው ከተማ ላይ፣ ገበሬው ተራራ ላይ ነበርና ትምህርቱ ጓሯችን ሳይደርስ ብዙ ዓመት አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት ግምት እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ይወጡ ነበር።

ለውጡን ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ የዓይን ሕመም ነው። ወረንጦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የዓይን ፀጉሯን የምትነቅል እናት ያላየ በመካከላችን የለም። ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ በሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ትራባለች፤ ጉድጓድ ውስጥ ግን አይመቻትም። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ የክልላችን ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ ሽንት ቤት ማስቆፈር ጀመረ። የአንድ ዓመቱ ዕቅድ 10 ሺህ ሲሆን የተሠራው ወደ 90 ሺህ ተጠጋ። ጂሚ ካርተር ይህን ሲያነሡ ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው የገፉት ሴቶቹ ናቸው ይሉ ነበር። እኔ አልደነቀኝም። ቀኑን ሙሉ ይዛ የምትውለው ማን ሆነችና!

በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ አስቆፈሩን። እ.ኤ.አ. በ2015 ሜዳ የሚወጣው ከ100 ወደ 29 ዝቅ ብሎ ነበር። ይህን ያህል ለውጥ በ25 ዓመት ያሳዩ አገሮች ጥቂት ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። እኛ ቤት 3 ሜትር ቆፍሩ ተባልን፤ በሰው ቁመት ልክ ስንደርስ ድንጋዩ እምቢ አለ። ባሕር ዛፍ ረበረብንበት፣ ጭቃ መረግንበት። በሦስተኛው ክረምት ምስጥ የበላው እንጨት ከእግሬ ሥር ተሰበረና እስከ ጉልበቴ ሰመጥሁ። ባለቤቴ ጉድጓዱን በአፈር ደፈነው፤ እኛም ተመልሰን ሜዳ ወጣን። በሪፖርቱ ላይ ግን ባለ ሽንት ቤት ነበርን። የወደቀው ግድግዳው አይደለም፣ ጣሪያውም አይደለም፤ ወለሉ ነው። ዛሬም ቢሆን በቆጠራው ጠንካራና የሚታጠብ ወለል የሌለው ጉድጓድ እንደ ተሻሻለ ሽንት ቤት አይያዝም።

በዚህ ወለል ነገር ሌሎች ድኾች አገሮችም ተፈትነዋል። በዚምባብዌ የጭስ ማውጫ የመሰለ ቱቦ ያለው ሽንት ቤት ተሠራ፤ ሽታው በቱቦው ይወጣል፣ ዝንቡም ብርሃን ተከትሎ ሲወጣ ወንፊቱ ይይዘዋል። ጥሩ ነው፤ ቱቦውና ቤቱ ግን ገንዘብ ይፈልጋሉ። በሞዛምቢክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ገደማ የተጀመረው ሥራ ወለሉን ብቻ ያዘ። አፈር እንደ ምጣድ አክንባሎ ጎበጥ ተደርጎ ይከመራል፤ በላዩ ክብ የሲሚንቶ ስላብ ይፈሳል። ጎባጣ ስለሆነ ክብደትን ወደ ዳር ይገፋል፤ ስለዚህ ብረት አያስፈልገውም። ሳምንት ያህል በውኃ እየራሰ ይጠነክራል። ጉድጓዱ ሲሞላ ስላቡ ተነሥቶ ወደ አዲሱ ይዛወራል። በቅርብ ዓመታት ከባንግላዴሽ የመጣው፣ ክዳኑ በራሱ የሚዘጋ ፕላስቲክም እንዲህ ባለ ስላብ ላይ ይገጠማል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን ሲሚንቶና አሸዋ ገዝቶ ስላብ ያፍስስ። ጉድጓዱን፣ የእንጨቱን ግድግዳና የሣሩን ክዳን እያንዳንዷ በአቅሟ ትሥራ፤ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የቀዳዳው ክዳንና አመዱ ከሁላችንም ቤት አይጠፉም። መቆፈር ለማትችል አሮጊትና ደካማ በወንፈል እንቆፍርላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የብሎኬቱን ቤት የመረጡ እኅቶች ክፉ አላሰቡም፤ ለደጋፊዎቻችንም ብሎኬት በፎቶ ያምራል። ነገር ግን የአንዲት ቤት ሲያምር ጎረቤቷ ሜዳ ከወጣች፣ ዝንቧ አጥር አታውቅምና የሁለቱም ልጆች ዓይን ይታመማል። ደጋፊዎቻችን ሆይ፤ ለጉብኝት ስትመጡ በሩን ከፍታችሁ ወለሉን እዩልን። በሦስተኛው ክረምትም ተመልሳችሁ እዩልን።

እናቴ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ዓይኗ ደክሟል። የመጀመሪያው ስላብ የሚወጣው ለእኔ ከሆነ፣ ቀን በቀን ውኃ ትጠጣለች።